ጨጓራ ብለው ይጻፉልኝ

ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የሚያኮራ ሥራ አልነበረም። የቀረ እመዘግባለሁ፣ የዘገየ እቆጥራለሁ፣ የሕክምና ወረቀት ተቀብዬ ፋይል ውስጥ እከታለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የቀረችበት ቀን፣ የሕመሙ ዓይነት የሚሉ አምዶች ያሉት ትልቅ መዝገብ ነበረ። ከሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ስም ከሞላ ጎደል የሴት ስም ነው። በመጨረሻው አምድ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ይደጋገማል፦ ጨጓራ። አልፎ አልፎ ወገብ፣ አልፎ አልፎ ራስ ምታት፣ ከዚያ ተመልሶ ጨጓራ።

የቢሮ ባልደረቦቼ ይቀልዱበት ነበር። አንዱ የምሳው ወጥ ነው ይላል፣ ሌላው ቁርስ ሳይበሉ እየመጡ ነው ይላል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ነገሩ ከቀልድ አልፎ ለምግብ ቤቱ በርበሬ እንዲቀንስ ትእዛዝ ወጣ። በርበሬው ቀነሰ። ጨጓራው ባለበት ቀጠለ።

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሳቄ የተቋረጠው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ወንዶቹ ባልደረቦቼ እስኪወጡ ደጅ ላይ ቆማ የጠበቀች አንዲት ልጅ ስትገባ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሻሿ ቀለም የየትኛው የስፌት መስመር ሠራተኛ እንደሆነች ይናገራል። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና፣ “እትዬ፣ ለነገ ፈቃድ ፈልጌ ነበር። ምክንያቱን ጨጓራ ብለው ይጻፉልኝ” አለችኝ።

“ጨጓራሽን ነው የሚያምሽ?” አልኳት።

ዝም አለች። ሻሿን ፈትታ አሰረች። ከዚያ ወደ መሬት እያየች፣ የማህፀን ፈሳሽ እንዳለባት፣ ከእምብርቷ በታች እንደሚወጋት፣ ሦስት ወር እንደሆናት ነገረችኝ። የነገረችኝ ሁሉ ተረስቶኝ አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ሽታው አጠገቧ ለምትሰፋው ልጅ እንዳይደርስ ፈርታ፣ ማራገቢያው ሥር ወዳለው መኪና እንዲያዛውራት ሱፐርቫይዘሩን ለምናው ነበር። “ሙቀት አልችልም” ብላ። ሱፐርቫይዘሩም “አንቺ ደግሞ ምን ያሞላቅቅሻል” ብሎ መልሷታል።

በማግስቱ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ከፋብሪካው በር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ስንደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል ጮክ ብሎ “ምንሽን ነው?” አላት። ከኋላችን አሥራ አምስት ያህል ሰው ተሰልፏል፤ ከሰልፉ ውስጥ ሁለቱ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የእኛው ልጆች ናቸው። “ጨጓራዬን” አለች። ካርዷ ላይ እንደዚያው ተጻፈና ወደ አዋቂዎች ምርመራ ክፍል ተላከች። አስታማሚ ነኝ ብዬ አብሬ ገባሁ። ወጣቱ ጤና መኮንን ደክሞታል እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ተረኛው በሽተኛ አንድ እግሩን አስገብቶ ቆሟል። “የት ጋ ነው?” ሲላት እጇን ከደረቷ ዝቅ አድርጋ አሳየችው። ተጫናት፣ ጠየቃት፣ ጻፈላት። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ይዘን ወጣን።

ለአለቃዋ ያዘጋጀችው ውሸት እስከ ሐኪሙ ክፍል ድረስ ተከትሏት ገባ። ቀናት ሙሉ ስትለማመደው ስለከረመች ከአፏ የወጣው እሱ ነው። እኔም እዚያው ተቀምጬ አልተናገርኩም። ምስጢሩ የእሷ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እኔም ያንን ቃል በጤና መኮንኑና በአፈጠጠብን ተረኛ ፊት ለመጥራት አፍሬ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ስለ ሴት ሠራተኞች የማህፀን ጤና ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ ሕንፃ ቆጠራ ስለሚሆንብኝ ነው። ስንት ጤና ጣቢያ ተከፈተ፣ ስንት ባለሙያ ተመደበ ይባላል። በቦሌ ለሚ፣ በቂሊንጦ፣ ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ላሉት ፋብሪካዎች የጤና ተቋም በእርግጥ እንደ ገጠሩ ሩቅ አይደለም። የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ልጅቷን ከሕክምናው የለያት ያ ሃያ ደቂቃ መንገድ ሳይሆን በመንገዱ ላይ የተደረደሩ ጠያቂዎች ናቸው። ሱፐርቫይዘሩ “ለምን?” ይላል። የአስተዳደር ጸሐፊዋ፣ ማለትም እኔ፣ “ለምን?” እላለሁ። የጥበቃ ሠራተኛው የመውጫ ወረቀቷን አንብቦ ቀና ብሎ ያያታል። ካርድ ክፍሉ “ምንሽን ነው?” ይላል። ማታ ቤቷ ስትደርስ አከራይዋ የመድኃኒቱን ፌስታል አይታ “ምን ሆንሽ ልጄ?” ትላለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ክፋት የለበትም።

ስለ አከራይዋ ካነሣሁ አይቀር፣ የእነዚህን ልጆች አኗኗር የማያውቅ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። የቤት ኪራዩን ለመቋቋም ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ መጸዳጃውን ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር ይጋራሉ። የወር አበባ ጨርቅ የሚሰጣበት ቦታ እንኳን ጭቅጭቅ ያስነሣል። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ የሰባት ቀን መድኃኒት ከሰው ዓይን መሰወር ቀላል ሥራ አይደለም። ከአገር ቤት አብራት የመጣች ጓደኛዋ ካየች ወሬው በስልክ ከእሷ ቀድሞ እናቷ ዘንድ ይደርሳል።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር አለ። እኛ ጋ ወር ሙሉ አንድም ቀን ላልቀረች ሠራተኛ ማበረታቻ ይከፈል ነበር። አንድ ቀን ከቀረች፣ የሐኪም ወረቀት ብታመጣም፣ ማበረታቻው ይሄዳል። ለእሷ ያ ገንዘብ የወሩን አስቤዛ እኩሌታ ይሸፍናል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ ደግሞ ሥራ ማጣት የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም “ታማሚ” የሚል ስም እንዲወጣለት አይፈልግም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በደንብ ያስባታል። ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዟ ሳይቆረጥ እንድትሄድ ይፈቅድላታል፤ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ቀድሞ 60 የነበረውን አሳድጎ 90 ቀን ይሰጣታል። ጥሩ ነው፤ እሰየው። ያላረገዘችዋ ግን ማንኛውም ሠራተኛ በሚስተናገድበት በሕመም ፈቃድ በር ነው የምትገባው። ያ ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ያደርጋል። መብቱም የሚጀምረው እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ የሚችለው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚለቅበትና በሚቀጠርበት የስፌት ሥራ፣ በየትኛውም ቀን ከማሽኑ ፊት ከተቀመጡት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ገና ሙከራ ላይ ናቸው። በአጭሩ፣ ሕጋችን የሠራተኛዋን ማህፀን የሚያውቀው ፅንስ ሲኖርበት ነው። ባዶ ሲሆን የሚታመም አይመስለውም።

ሕጉን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይሆንም፤ እኛም እንደዚያው ነን። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘመናዊም ሆነ ባህላዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 በመቶ ደርሰዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያመጡት ለውጥ ነው፤ ባርኔጣ የሚያስነሣ። ነገር ግን “ያገቡ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በየመድረኩ የምንጠቅሰው ቁጥር ባለትዳሯን የሚቆጥር ነው። የፋብሪካዋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አላገባችም፤ ወይም ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቤተሰብ ሳያውቅ፣ ከአንድ ልጅ ጋር የቤት ኪራይ ተካፍላ ትኖራለች። የቤተሰብ ምጣኔ የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ፊት ስትቆም “ቤተሰብ” የሚለው ቃል ራሱ አንቺን አይመለከትም የሚላት ይመስላታል። ገብታ ከተቀመጠችም በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ “ባለትዳር ነሽ?” ይሆናል። ባለሙያዋ ቅጽ ለመሙላት ነው የጠየቀችው፤ ልጅቷ የሰማችው ግን የነፍስ አባቷን ድምፅ ነው።

ከእፍረቱ በላይ የከበደው ግን ፍርሃቱ ይመስለኛል፤ መሃን የመሆን ፍርሃት። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ማህፀን ያደርቃል ይባላል። መርፌው ደም አቁሞ ሆድ ውስጥ ያጠራቅማል ይባላል። ባለሙያዎች “የተሳሳተ አመለካከት ነው” ብለው ሲያልፉት ይገርመኛል፤ ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሣማ። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር ይችላል፤ ካቆሙት በኋላም ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። ይህ ቀድሞ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ወር ባላረገዘች ጊዜ አትደነግጥም ነበር። ሳይነገራት ሲቀር ግን ለመስመሩ ልጆች ሁሉ ምስክር ትሆናለች።

የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። እንደዚያች ልጅ ያለ ፈሳሽና የሆድ ሕመም በአባላዘር ኢንፌክሽን የመጣ ከሆነ፣ ሳይታከም ሲቆይ ወደ ላይ ወጥቶ የማህፀን ቱቦዎችን ሊያቆስልና ሊዘጋ ይችላል። መሃንነትን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። መሃን እሆናለሁ ብላ ከሕክምና የሸሸችው ልጅ የምትሸሸው ወደዚያው ወደምትፈራው ነገር ነው። ሕክምናው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆንም ከንቱ ነው። ያቺን ልጅ በሁለተኛው ሙከራ፣ ሌላ ቦታ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ በሩን ዘግታ አነጋገረቻትና ችግሩ ታወቀ፤ መድኃኒትም ተሰጣት። አብሯት የሚኖረውም ሰው መጥቶ እንዲታከም ተነገራት። “እኔን ምን አመመኝና?” አላት። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ ነበር። በዚያ ጊዜ ምክንያቱን እንኳን አልነገረችኝም፤ እኔም ሳልጠይቃት ጻፍኩ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። እኔ በነበርኩበት ፋብሪካ ያለ ጥያቄ ፈቃድ የሚያስገኝ አንድ ምክንያት ነበር፤ ጠበል። “ሰባት ቀን ጠበል ልጠመቅ ነው” ያለችን ልጅ ሱፐርቫይዘሩ “ማርያም ትማርሽ” ብሎ ይሸኛት ነበር። ደመወዟ ይቆረጣል እንጂ ፊት አይጠቁርባትም፤ ምንሽን ነው የሚላት የለም። በጠበሉ ላይ ክርክር የለኝም፤ እኔም እናቴን ይዤ ሄጃለሁ። የቀናሁት በአቀባበሉ ነው። ጠበል የምትሄድ ሴት የበሽታዋን ስም ሳትናገር ታማሚ መሆን ይፈቀድላታል።

አፋችን ጨርሶ አልተቆለፈም። ስለ ፊስቱላ ዛሬ በቴሌቪዥን ይወራል። የሃምሊን ባልና ሚስት የመሠረቱት ሆስፒታልና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ደስታ መንደር፣ ሽንት የሚያንጠባጥባትን ሴት ከጓዳ አውጥተው አገር እንዲያውቃት አድርገዋል። ታዲያ ያንን ቃል የምንደፍረው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ፊስቱላ የሌላ ሰው በሽታ ስለሆነ ጭምር ነው። የሩቅ ገጠር፣ የልጅነት ጋብቻ፣ የጠና ምጥ። እናዝንላታለን። ፈሳሽ ግን የአጠገባችን ነው፤ የቢሮ ጸሐፊዋም፣ የባንክ ሠራተኛዋም፣ የእኔም። ለዚህ ነው ስሙ የማይጠራው።

ዝምታው ዋጋው ከፍ የሚለው በማህፀን በር ካንሰር ላይ ነው። በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መከላከያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በዚያ ዓመት አሥራ አምስት የሞላት ልጅ አልፏታል። ዛሬ ስፌት መኪና ላይ፣ በሆለታና በሰበታ የአበባ እርሻዎች ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ያለፋቸው ናቸው። ለእነሱ የቀረላቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ነው። ምርመራው በጣም ቀላል ነው። አቼቶ ብለን የምናውቀው ዓይነት አሲድ በውኃ ቀጥኖ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፤ የሚነጣ ቦታ ካለ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይታከማል። ደቂቃዎች ናቸው። እነዚያን ደቂቃዎች ለማግኘት ግን አንዲት ጤነኛ ሴት፣ ምንም ሳያማት፣ የሥራ ቀን አስፈቅዳ ልብሷን ልታወልቅ ነው። “ምንሽን ነው?” ሲሏት ምን ትበል? ጨጓራ ማለት እንኳን አትችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ሴቷ ራሷ ናሙና የምትወስድበት፣ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ምርመራ የሚስበኝ ለዚህ ነው። በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ መቆለፊያ ያለው አንድ ትንሽ ክፍል ለዚህ ይበቃል።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለውን ተረት በእኛ ፋብሪካ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው በወረቀት አትሞ ለጥፎት ነበር። ከሥሩ ያለው አግዳሚ ላይ ሱፐርቫይዘሮችም ሠራተኞችም ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ተረቱን ባነበብኩት ቁጥር የሚያናድደኝ ጥፋቱን ሁሉ በደባቂዋ ላይ መጫኑ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዋጁ የሕመም ፈቃድ ለሚጠይቅ ሠራተኛ ግዴታ ያደረገው በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብን ነው፤ የበሽታዋን ስም ለመስመር አለቃዋ እንድታስረዳ አያዝም። ስለዚህ ማስረጃው “ይህች ሠራተኛ ታይታለች፣ ይህን ያህል ቀን ዕረፍት ያስፈልጋታል” ቢል በቂ ነው። የቀረውን ሐኪሟ ይወቀው። ካርድ ክፍሉም “የት ክፍል ነው የምትፈልጊው?” ብሎ ቢጠይቅና የሚጠቁሙበት ሰሌዳ ቢኖረው ምንም አይጎድልበትም። ጤና ጣቢያዎቹም ለፋብሪካ ሠፈር ሴቶች የእሑድ ግማሽ ቀን ቢከፍቱላቸው ፈቃድ የሚለው ጣጣ ከነአካቴው ይቀራል።

አሠሪዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ብዬዋለሁና። ምክንያቱ ካልተጻፈ ሁሉም እየተነሣ ይቀራል፤ የተገዛ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የተገዛ ወረቀት በእጄ አልፏል፤ አልክድም። ግን የተገዛው ወረቀት ላይም የበሽታው ስም በሚያምር ጽሕፈት ተጽፎ ነበር። የሕመሙ ዓይነት የሚለው አምድ አንድም አስመሳይ አላስያዘልኝም። ያስያዘልኝ የተቋሙ ማኅተምና አንድ የስልክ ጥሪ ነው። አምዱ ያደረገው ነገር ቢኖር እውነተኞቹን በሽተኞች ማዋሸት ነው፤ ያንን አምድ በማስመሪያ ያሰመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አዲስ መዝገብ ሲገዛ አለቃዬ አላዘዘኝም፤ ከአሮጌው ገልብጬ ነው።

በቅርቡ ተተክታኝ ለገባችው ልጅ ደወልኩላትና ያ መዝገብ አለ ወይ አልኳት። ሳቀች። “ኧረ እሱ ቀርቷል፤ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው” አለችኝ። የሕመሙ ዓይነትስ? “እሱ አለ። ግን እንደ ድሮው መጻፍ ቀርቷል፤ ከዝርዝሩ መምረጥ ብቻ ነው።” ዝርዝሩን አንብቢልኝ አልኳት።

“አንደኛ ጨጓራ” ብላ ጀመረች።